የአፍ፣ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሐኪም፦ ማን ነው? የጥርስ ሕክምና ተማሪዎችስ ለምን ይመርጡታል፣ ለምንስ ይተዉታል?

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ዕቃ ሸምተው በባጃጅ ወደ ቤት ሲመለሱ ባጃጁ ተጋጨና አገጭዎ ተመታ እንበል። ደሙ ቆሟል። ሆኖም አፍዎን ሲዘጉ ጥርሶችዎ እንደ ወትሮው አይገጥሙም፤ የታችኛው ከንፈርዎም ደንዝዟል። ወዴት ይሄዳሉ? አንዱ ጎረቤት ጥርስ ክሊኒክ ይላል፣ ሌላው አጥንት ሐኪም ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ የሚያውቀው ወጌሻ አለ። ለዚህ ጉዳት የሠለጠነው ባለሙያ የአፍ፣ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሐኪም ነው፤ በሆስፒታሎቻችን አጠራር «ማክሲሎፌሻል ሰርጀን»። ብዙ ሰው ይህን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሪፈር ወረቀት ላይ ነው።

ይህ ባለሙያ መነሻው የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ ዛሬ በዚያ ትምህርት ቤት የተቀመጡ ተማሪዎች ምን ለመሆን እንደሚመርጡ የእርስዎም ጉዳይ ነው። ቀዶ ሕክምናውን የሚመርጡት ጥቂቶች ከሆኑ፣ ከመረጡትም አብዛኞቹ አዲስ አበባ ከቀሩ፣ በሌላ ከተማ መንጋጋው የተሰበረ ሰው መንገድ መጀመሩ አይቀርም።

ባለሙያው ምን ይሠራል?

የማክሲሎፌሻል ቀዶ ሐኪም ከግንባር በታች እስከ አንገት ድረስ ያለውን የአፍ፣ የመንጋጋና የፊት ክፍል ያክማል። የተሰበረ መንጋጋና የጉንጭ አጥንት ይጠግናል፣ የወለቀ መንጋጋ ይመልሳል፣ በአጥንት ውስጥ ተቀብሮ የቀረ ጥርስ ያወጣል። ከጥርስ ተነሥቶ ወደ ፊትና አንገት የተዛመተ መግል ከፍቶ ያፈሳል፣ የመንጋጋና የምራቅ ዕጢ እብጠቶችን ያነሣል፣ ከአፍ ቁስል ናሙና ይወስዳል። የተሰነጠቀ ከንፈርና ላንቃም ይሰፋል፤ ይህን የመጨረሻውን ሥራ በብዙ ቦታ ከፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ጋር ይጋራዋል።

ታፔላው ላይ የተጻፈው ምን ማለት ነው?

እዚህ ላይ ብዙ ታካሚ ይሳሳታል። ክሊኒክ በር ላይ «ደንታል ሰርጀን» የሚል ጽሑፍ ሲያዩ የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ያገኙ ይመስላቸዋል። አይደለም። «ደንታል ሰርጀን» ከዱሮ የመጣ የጠቅላላ የጥርስ ሐኪም መጠሪያ ነው። የጥርስ ሐኪም ይሞላል፣ ይነቅላል፣ የድድ ሕመም ያክማል፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል፤ ሥራው ትልቅ ነው፣ ግን የተሰበረ መንጋጋ በብረት አይጠግንም።

ከእርሱ ሌላ በጤና ጣቢያና በክሊኒክ የሚያገኟቸው የደንታል ቴራፒና የደንታል ሳይንስ ባለሙያዎች አሉ። ጥርስ በማጽዳት፣ በመሙላትና በቀላል ነቀላ ከፍተኛ ልምድ ያላቸው ብዙዎች ናቸው። ችግሩ እኛ ነጭ ጋውን የለበሰውን ሁሉ «ዶክተር» ብለን መጥራታችን ነው። ስለዚህ ያለ ይሉኝታ ይጠይቁ፦ «እርስዎ ጠቅላላ የጥርስ ሐኪም ነዎት ወይስ ማክሲሎፌሻል?» ጥሩ ባለሙያ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም። እንዲያውም «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» ብሎ የሚልክዎትን ባለሙያ ሊያመሰግኑት ይገባል።

እንዴት ነው የሚደረሰው?

በኢትዮጵያ የጥርስ ሕክምና በዶክትሬት ደረጃ ከሚሰጥባቸው ተቋማት መካከል አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ጎንደርና መቐለ ዩኒቨርሲቲዎች ይገኙበታል። ተማሪው የሰውን አካል፣ የደም ዝውውሩንና መድኃኒቶችን እንደማንኛውም የሕክምና ተማሪ ይማራል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ጥርስ ወንበሩ ይሻገራል። በመጨረሻም በኢንተርንነት በየክፍሉ እየዞረ ይሠራል።

ሲመረቅ የጥርስ ሐኪም ነው። የማክሲሎፌሻል ቀዶ ሐኪም ለመሆን ተወዳድሮ ሬዚደንት ሆኖ እንደገና ለዓመታት መሠልጠን አለበት። ርዝመቱ እንደየአገሩ ይለያያል። በአሜሪካ አራት ዓመት፣ የጠቅላላ ሕክምና ዲግሪ ከተጨመረበት ደግሞ ስድስት ዓመት ይወስዳል። በብሪታንያ የጥርስም የጠቅላላ ሕክምናም ዲግሪ ይጠየቃል። በአገራችን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይህን ሥልጠና የሚሰጥ ሲሆን የካቲት 12 ሆስፒታል በዚህ ዘርፍ ከሚታወቁት መታከሚያና መማሪያ ሆስፒታሎች አንዱ ነው። ሬዚደንቱ ሌሊት ተረኛ ይሆናል፣ ከሰመመን ሐኪሞች ጋር ይሠራል፣ ድንገተኛ ክፍል ይጠራል። የጥርስ ክሊኒክ ከቀኑ 11 ሰዓት ሊዘጋ ይችላል፤ የተሰበረ መንጋጋ ግን ሰዓት አይመርጥም።

ተማሪዎች ለምን ይመርጡታል? ለምን ይተዉታል?

በተለያዩ አገሮች በጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተመሳሳይ ነገሮችን ደጋግመው ያነሣሉ። ወደ ሙያው ከሚስቡት ዋነኛው በትምህርት ጊዜ ማየት ነው። ኦፕራሲዮን ክፍል ገብቶ በአደጋ የተጣመመ ፊት ወደ ቦታው ሲመለስ በዓይኑ ያየ፣ ወይም ጊዜ ወስዶ ያስረዳው አስተማሪ ያገኘ ተማሪ ይሳባል። ቀዶ ሕክምናን በመጽሐፍ ብቻ ያወቀው ግን ወደሚያውቀው ወንበር ይመለሳል። ሌላው የሚስበው የሥራው ስፋት ነው፦ ጠዋት የሕፃን ከንፈር፣ ከሰዓት የመንጋጋ ዕጢ።

የሚያርቁት ነገሮችም ግልጽ ናቸው። ሥልጠናው ረጅም ነው። ዕድሜው ለትዳርና ለልጅ የሚታሰብበት ስለሆነ የሌሊት ተረኛነቱ ይከብዳል፤ በብዙ አገሮች በዚህ ሙያ ሴቶች ከወንዶች ያነሱበት አንዱ ምክንያት ይህ እንደሆነ ይነገራል። ገንዘቡም አለ። አንድ የጥርስ ሐኪም እንደተመረቀ ክሊኒክ ተቀጥሮ ቤተሰቡን መርዳት ይችላል፤ ጓደኛው ግን ገና ሬዚደንት ነው። በእኔ ግምት ከሁሉም የሚከብደው የመሣሪያው ጉዳይ ነው። የማክሲሎፌሻል ሐኪም ብቻውን ምንም አይደለም። ኦፕራሲዮን ክፍል፣ የሰመመን ባለሙያ፣ ሲቲ ስካን፣ የመንጋጋ ማያያዣ ብረትና ብሎን፣ የናሙና ምርመራ ላቦራቶሪ ይፈልጋል። እነዚህ ወደተሟሉበት ከተማ ቢያዘነብል ልንፈርድበት አንችልም።

የዓለም ጤና ድርጅት አኃዞች እንደሚያሳዩት በአፍሪካ ቀጣና ለ10,000 ሰው አንድ የጥርስ ሐኪም እንኳ አይደርስም፤ የዓለም አማካይ ከሦስት በላይ ነው። ቀዶ ሐኪሙ የሚመለመለው ከእነዚህ ጥቂቶች መካከል ነው።

ልጅዎ የጥርስ ሕክምና ተማሪ ከሆነና «ማክሲሎፌሻል እገባለሁ» ካለዎት «ገና ስንት ዓመት ልትማር ነው?» ብለው ከማስቆምዎ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁት፦ ኦፕራሲዮን ክፍል ስንት ቀን ገብተሃል? ከገባና አሁንም ከፈለገ ፍላጎቱ የእውነት ነው።

ሐኪሙ ከተማሪዎች ጋር ቢመጣ

በማስተማሪያ ሆስፒታል ሲታከሙ አልጋዎን ወይም ወንበርዎን ተማሪዎች ሊከቡት ይችላሉ። ሐረር የሚገኘው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሕይወት ፋና ሆስፒታል እንዲህ ካሉት ማስተማሪያዎች አንዱ ነው። ብዙ ታካሚ «መለማመጃ አደረጉኝ» ብሎ ይከፋል። ስሜቱ ይገባል። ነገር ግን ተማሪ በኃላፊው ሐኪም ፊት እንጂ ብቻውን አይሠራም፤ እርስዎም መብት አለዎት። ማን ምን እንደሚሠራ መጠየቅ ይችላሉ። ተማሪ እንዲያይ ፈቅደው፣ እንዲነካ ላይፈቅዱ ይችላሉ። እምቢ ስላሉ ሕክምናዎ ሊቀርብዎ አይገባም። ፎቶ ቢነሡ ለምን እንደሆነና የት እንደሚቀመጥ ይነገርዎት።

በበኩሌ ቢያንስ እንዲያዩ እንዲፈቅዱ እመክራለሁ። ከላይ እንዳልነው ተማሪው ወደዚህ ሙያ የሚሳበው ሲያይ ነው።

ከኦፕራሲዮን በፊት ፈርሙ የሚባለውን ወረቀት ሳያስነብቡ አይፈርሙ። በተለይ በታችኛው መንጋጋ ላይ ለሚደረግ ሥራ «ከንፈሬ ወይም ምላሴ ሊደነዝዝ ይችላል ወይ? ለምን ያህል ጊዜ?» ብለው ይጠይቁ። በታችኛው መንጋጋ አጥንት ውስጥ የስሜት ነርቭ ስለሚያልፍ ይህ የታወቀ ስጋት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል፣ አልፎ አልፎ ግን ይቀራል።

መቼ ነው ሳይዘገዩ መሄድ ያለብዎ?

በመጀመሪያ ስለሚገድለው እንናገር። የታመመ ጥርስ መግል ወደ ምላስ ሥርና ወደ አንገት ሲወርድ የመተንፈሻ መንገድን ሊዘጋ ይችላል። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ከአገጭ በታች ጠንካራ እብጠት፣ ትኩሳት፣ አፍን ለመክፈት መቸገር፣ ምራቅ መዋጥ አቅቶ መዝረብረብ፣ የድምፅ መለወጥ፣ የምላስ ወደ ላይ መነሣት። ከነዚህ አንዱ እንኳ ከእብጠት ጋር ከታየ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ድሬዳዋ ላሉ ድል ጮራ ሆስፒታል አለ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። በሽተኛውን በጀርባው አያስተኙት፣ ይቀመጥ።

ወደዚህ ደረጃ የሚያደርሰው ብዙውን ጊዜ ልማዳችን ነው። ጥርስ ሲያም መድኃኒት ቤት ገብተን አሞክሳሲሊንና ማስታገሻ እንገዛለን፤ ሕመሙ ይተኛል፣ እኛም እንተወዋለን። መግል ግን መውጫ ካልተከፈተለትና የታመመው ጥርስ ካልታከመ በኪኒን ብቻ አይድንም። ስኳር ያለባቸውና ነፍሰ ጡሮች ከሌላው ቀድመው ሊታዩ ይገባል።

የመንጋጋ ስብራት፦ ጥርሶች አለመግጠማቸው፣ የከንፈር መደንዘዝ፣ በጥርሶች መካከል የድድ መቀደድና ከምላስ ሥር የደም መቋጠር የስብራት ምልክቶች ናቸው። ወጌሻ እንዲያሸው አይፍቀዱ። የተሰበረ መንጋጋ ሲታሽ ከውስጥ ያለው ነርቭ ሊጎዳ፣ ስብራቱም በጥርስ ሥር ወደ አፍ ክፍት ስለሚሆን ሊመረቅዝ ይችላል። ራስዎን ስተው ከነበረ፣ አንገትዎን ካመምዎ፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ ንጹሕ ፈሳሽ ከወጣ ቅድሚያ የሚሰጠው ለጭንቅላትና ለአንገት ነው፤ መንጋጋው ይጠብቃል።

ሕክምናው ሁለት ዓይነት ነው። ወይ አጥንቱ በብረትና በብሎን ይያዛል፣ ወይ የላይና የታች ጥርሶች በሽቦ ለአራትና ለስድስት ሳምንት ያህል ይታሰራሉ። በሽቦ የታሰረ ሰው የሚኖረው በአጥሚት፣ በሾርባ፣ በወተትና በተፈጨ ምግብ ነው፤ ክብደት መቀነሱ የተለመደ ነው። ከሆስፒታል ሳይወጡ ሽቦውን እንዴትና የት ላይ መቁረጥ እንደሚቻል ለቤተሰብ እንዲያሳዩ ይጠይቁ። ማስታወክ ከመጣ ትንፋሽ እንዳይዘጋ ወዲያው ይቆረጣል። የሽቦ መቁረጫ ፒንሳ ሁልጊዜ በኪስ ይኑር፤ በተለይ መንገድ ላይ ሲሆኑ።

የማያም እብጠት፦ መንጋጋ ላይ ቀስ እያለ የሚያድግ፣ የማያምና ጥርስ የሚያንቀሳቅስ እብጠትን ሰው ለዓመታት ይሸከመዋል። ካላመመኝ ምን አለበት ይባላል። በአፍሪካ በብዛት ከሚታዩት የመንጋጋ ዕጢዎች አንዱ የሆነው አሜሎብላስቶማ እንዲህ ነው የሚያድገው፤ በአብዛኛው ካንሰር አይደለም፣ ነገር ግን አጥንቱን ይበላዋል። በጊዜ ከተያዘ የሚነሣው አጥንት ትንሽ ነው። ከዘገየ ግማሽ መንጋጋ ሊቆረጥ ይችላል። እንዲሁም በአፍ ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል፣ ነጭ ወይም ቀይ ንጣፍ ካለ ናሙና እንዲወሰድ ይጠይቁ፤ በተለይ ሲጋራ ወይም ሺሻ ለሚያጨስና አልኮል ለሚያዘወትር።

ልጆች፦ የተሰነጠቀ ከንፈር ይዞ የተወለደ ሕፃን እርግማን አልደረሰበትም። ከንፈሩ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር፣ ላንቃው ከዘጠኝ እስከ አሥራ ስምንት ወር ባለው ዕድሜ ይሰፋል። እስከዚያው ዋናው ሥራ ክብደቱ እንዲጨምር መመገብ ነው። ላንቃው የተሰነጠቀ ሕፃን ጡት መሳብ ስለሚያቅተው የታለበ የእናት ጡት ወተት በማንኪያ ይስጡት፤ ሲመገብም ቀና ብሎ ይያዝ። ስማይል ትሬይን የተባለው ድርጅት በአገራችን ባሉ አጋር ሆስፒታሎች ይህን ሕክምና በነፃ እንዲሰጥ ይደግፋል። ፕሮጀክት ሐረር የተባለው በጎ አድራጎት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲመሠረት ስሙን የወሰደው ከዚሁ ከጎረቤት ከተማ ነው። በአቅራቢያዎ ያለ ሆስፒታል የትኛው ዘመቻ መቼ እንደሚመጣ ሊነግርዎ ይችላል።

በምግብ እጥረት የተጎዳ ወይም ኩፍኝ ይዞት የተነሣ ሕፃን ድዱ ቆስሎ ክፉ ሽታ ካመጣና ጉንጩ ካበጠ በዚያው ቀን ይወሰድ። ኖማ ሊሆን ይችላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ችላ ከተባሉ የሐሩር በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው፣ በቀናት ውስጥ ፊትን የሚበላ በሽታ ነው። በመጀመሪያ ደረጃው በአንቲባዮቲክና በምግብ ይድናል፤ ከዚያ ካለፈ የሚቀረው የቀዶ ሐኪሙ ሥራ ነው።

ግግ ማስነቀልም እዚህ ይነሣል። የሕፃን ድድ በጥፍር ወይም በምላጭ ሲቀደድ ከሥሩ ያለው ገና ያልወጣ ጥርስ ይጎዳል፣ ኢንፌክሽንም ይገባል። ሕፃኑን ያስቀመጠው ተቅማጥ ከሆነ መድኃኒቱ ኦ.አር.ኤስ.ና ጤና ጣቢያ ነው።

ልጅ ወድቆ ቋሚ ጥርሱ ከነሥሩ ከወለቀ ጥርሱን ከነጩ ራስ በኩል ይያዙ፤ ሥሩን አይፈትጉ። ቆሻሻ ካለው በወተት ወይም በውኃ ለቅጽበት ያለቅልቁትና ወደ ቦታው ይመልሱት፤ ካልቻሉ በወተት ውስጥ አድርገው በአንድ ሰዓት ውስጥ የጥርስ ሐኪም ጋ ይድረሱ። የወተት ጥርስ ከሆነ ግን አይመለስም።

ከድሬዳዋ ሪፈር ሲጻፍ

ጉዳዩ እዚያው የማይሠራ ከሆነ ወደ ሐረር፣ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወይም ወደ አዲስ አበባ፣ 500 ኪሎ ሜትር ወደሚጠጋ መንገድ ይላካሉ። ከመነሣትዎ በፊት የሚልክዎት ሐኪም የሚቀበልዎትን ሆስፒታል ስልክ ደውሎ ሐኪሙ መኖሩን እንዲያረጋግጥ ይለምኑት። ይህ አንድ ስልክ የሳምንት አልቤርጎ ኪራይ ያድናል። ኤክስሬይና ሲቲ ስካን ካለዎት ፊልሙን ወይም ሲዲውን ጭምር ይያዙ፤ ውጤቱ የተጻፈበት ወረቀት ብቻ ለቀዶ ሐኪም አይበቃም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ የሪፈር ሰንሰለቱን ሳይዘሉ በቅደም ተከተል ይሂዱ፤ ካልሆነ ወጪው በራስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ደም እየፈሰሰው የደንገጎን ጠመዝማዛ የሚወጣ በሽተኛ፣ አንገቱ ካልተጎዳ፣ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ይቀመጥ።

ስለ በርጫ ሳይናገሩ አይታከሙ

በድሬዳዋና በሐረር ለሚኖር ሰው ይህ የግድ መነሣት አለበት። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ብዙዎቹ የጥርስ ማደንዘዣዎች ደግሞ አድሬናሊን አላቸው። ስለዚህ በሕክምናው ቀን አይቃሙ፤ ከቃሙም ሳይደብቁ ይንገሩ። ሐኪሙ ሊቆጣዎ አይደለም የሚጠይቀው፣ የሚወጋዎትን መድኃኒት ለመምረጥ ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ የስኳር፣ የግፊትና የልብ መድኃኒት ካለም ይንገሩ፤ በራስዎ ግን አያቋርጡ።

ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ጉድጓዱ ውስጥ የሚረጋው ደም የቁስሉ ክዳን ነው። ፋሻውን 30 ደቂቃ ያህል አጥብቀው ይንከሱ፣ በዕለቱ አፍዎን አይጉመጥመጡ፣ ትኩስ ሻይና ቡና ይቆዩ። ሲጋራ፣ ሺሻና ጫት ቢያንስ ለሦስት ቀን ይቅሩ፤ ሳምንት ቢሆን ይሻላል። የረጋው ደም ከወጣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ወደ ጆሮ የሚዘልቅ ኃይለኛ ሕመም ይነሣል። ይህ ሲሆን ወደነቀለልዎ ባለሙያ ይመለሱ፤ ጉድጓዱን አጥቦ መድኃኒት ያደርግበታል። ደሙ ሳያቋርጥ ፋሻ ከነከሱ በኋላም ከፈሰሰ ግን እስኪነጋ አይጠብቁ።